ሳንባ አየር ማፍሰሱን አላቆም ሲል፦ ደረት ሳይከፈት የሚደረገው ሕክምና

ደረቱ ላይ ቱቦ ገብቶለት የተኛ ሰው ጠይቃችሁ ከሆነ አልጋው ሥር ያለውን ዕቃ ሳታዩት አትቀሩም። ጠርሙስ ነው፣ ወይም ግልጽ የፕላስቲክ ሳጥን፤ ውስጡ ውሃ አለ። ታማሚው ሲያስል ውሃው ቡልቅ ቡልቅ ይላል። የመጀመሪያው ቀን ቤተሰብ አረፋውን ሲያይ ደስ ይለዋል፣ «እየሠራ ነው» ይባባላል። በሦስተኛውም ቀን ማንም አይጨነቅም። ሳምንት አልፎ ያው አረፋ ሲቀጥል ግን ነገሩ ይቀየራል፤ ሐኪሞቹም በየጠዋቱ ከታማሚው ፊት ይልቅ ጠርሙሱን ጎንበስ ብለው ማየት ያበዛሉ።

ያ አረፋ ከሳንባ የሚያፈተልክ አየር ነው። በትንፋሽ ቧንቧ በኩል ተመልሶ መውጣት ሲገባው በተቀደደ ቦታ ሾልኮ ደረት ውስጥ የገባ አየር። ዛሬ የማወራው ይህ አልዘጋ ሲል ደረት ሳይከፈት፣ በአፍ ወይም በአፍንጫ በሚገባ ቀጭን ካሜራ ስለሚደረገው ሕክምና ነው። ካሜራው ብሮንኮስኮፕ ይባላል፣ ምርመራውም ብሮንኮስኮፒ። አንድ ነገር ከአሁኑ ልንገራችሁ፦ በዚህ ሕክምና ቀዳዳው አይሰፋም። አብዛኛውን ጊዜ ቀዳዳው ጋ እንኳን አይደረስም። ታዲያ እንዴት ይድናል? ጨዋታው ያለው እዚያ ላይ ነው።

መጀመሪያ ጤናማው ደረት እንዴት እንደሚሠራ እንይ። ሳንባ በራሱ ተነፍቶ የሚቆም አካል አይደለም። የመሰብሰብ ጠባይ አለው፤ የሚይዘው ከሌለ ይኮማተራል። የደረት ግድግዳ ደግሞ በተቃራኒው ወደ ውጭ መዘርጋት ይፈልጋል። በሁለቱ መሃል ሁለት ስስ ሽፋኖች አሉ፤ አንዱ ሳንባውን ያለብሳል፣ አንዱ የደረቱን ውስጠኛ ግድግዳ። በሽፋኖቹ መካከል ያለው ቦታ የፕሉራ ክፍተት ይባላል። ክፍተት ተባለ እንጂ ባዶ ቦታ የለውም፤ ጥቂት ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ብቻ ነው የያዘው፣ በውስጡ ያለው ግፊትም ከውጭው አየር ያነሰ ነው። ሳንባውን ከግድግዳው ጋር አጣብቆ የሚያቆመው ይኸው ያነሰ ግፊት ነው።

አየር እዚያ ከገባ መያዣው ይላላል። ሳንባው ከግድግዳው ይለቅና ይኮማተራል። ሐኪሞች ኒሞቶራክስ የሚሉት ይህን ነው። መንስኤው ብዙ ነው። ምንም የሳንባ በሽታ የሌለበት ረጅምና ቀጭን ወጣት ድንገት ደረቱን ውግት ያደርገውና ኤክስሬይ ሲነሣ ሳንባው ወርዶ ይገኛል፤ ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነ ዕድሉ ይጨምራል። ኤምፊዜማ (የሳንባ የአየር ከረጢቶች ግድግዳ የሚፈርስበት በሽታ) ያለበት ሰው ሳንባው ላይ የተነፉ ስስ ከረጢቶች ይኖሩና አንዱ ይፈነዳል። ቲቢ፣ ካንሰር፣ የሳንባ ምች፣ የተሰበረ የጎድን አጥንት፣ ለናሙና የገባ መርፌ፣ የመተንፈሻ ማሽን ግፊት፣ እነዚህ ሁሉ ሳንባን ሊበሱ ይችላሉ። የሳንባ ቀዶ ሕክምና ራሱም አለ። የታመመው ክፍል ተቆርጦ ሲወጣ የተቆረጠው ጠርዝ የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢዘጋ አንዳንዴ ያፈሳል።

ቱቦው የሚገባው የገባውን አየር ለማስወጣት ነው። የቱቦው ሌላኛው ጫፍ ጠርሙሱ ውስጥ ካለው ውሃ ወለል 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጠልቃል። ከደረት የሚመጣው አየር ውሃውን ገፍቶ ይወጣል፤ የውጭው አየር ግን ውሃውን አልፎ መመለስ አይችልም። በቃ፣ ይኸው ነው። አንድም ተንቀሳቃሽ ክፍል የሌለው መሣሪያ ሕይወት ያድናል፤ ሁሌም ይገርመኛል።

አብዛኛው ሰው በዚህ ብቻ ይድናል። አየሩ ሲወጣ ሳንባው ይዘረጋል፣ የተቀደደው ቦታ ግድግዳውን ይነካል፣ ይጣበቃል፣ ይዘጋል። እንዲያውም ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚከሰተውና ሌላ በሽታ ለሌለበት ሰው ቱቦው ራሱ ሁልጊዜ አስፈላጊ እንዳልሆነ በ2020 የታተመ የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ ጥናት አሳይቷል። 316 ሰዎች ነበሩበት። ግማሽ ያህሉ ቱቦ ሳይገባላቸው በክትትል ብቻ እንዲቆዩ ተደረገ፤ ከእነዚህ 85 በመቶ ገደማው ምንም ጣልቃ ሳይገባባቸው ቀሩ። ሳንባ ዕድል ከሰጡት ራሱን ይጠግናል ማለት ነው። ይህን ነጥብ ያዙት፣ ኋላ ስለ ቫልቭ፣ ማለትም በካሜራው ተልኮ የትንፋሽ ቧንቧ ውስጥ ስለሚቀመጥ፣ አየርን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚያሳልፍ ትንሽ ዕቃ ስናወራ ይጠቅመናል።

ታዲያ ለምን አንዳንዱ አይዘጋም? ምክንያቱም በእያንዳንዱ ትንፋሽ አየር በቀዳዳው ውስጥ ያልፋል። ሰው በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ለመግጠም የሚሞክረው ጠርዝ በየትንፋሹ ይከፈታል። በዚያ ላይ ሳንባው በኤምፊዜማ የሳሳ ከሆነ፣ ታማሚው ለረጅም ጊዜ ስቴሮይድ የሚወስድ ከሆነ፣ በምግብ እጥረት የተጎዳ ከሆነ፣ ወይም ሳንባው ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ግድግዳውን መንካት ካቃተው ቁስሉ መድኛ ጊዜ ያጣል። የመተንፈሻ ማሽን ላይ ላለ ሰው ደግሞ ይብሳል። ማሽኑ አየር የሚያስገባው ገፍቶ ስለሆነ ግፊቱ ቀጥታ ቀዳዳው ላይ ያርፋል።

«አልቆም አለ» የሚባለው ስንት ቀን ሲሆን ነው? ከሳንባ ቀዶ ሕክምና በኋላ ብዙ ጊዜ ከ5 ቀን በላይ ከቆየ ነው። በሌሎቹም ከ5 እስከ 7 ቀን ባለው መሃል ሐኪሞች ሌላ አማራጭ ማሰብ ይጀምራሉ። ቁጥሩ የሰው ስምምነት ነው። በስድስተኛው ቀን ሳንባው ውስጥ የሚቀየር ተአምር የለም። ቀናት በጨመሩ ቁጥር ግን ታማሚው አልጋ ላይ ይቆያል፣ ቱቦው ያመዋል፣ በደንብ አይስልም፣ ደረት ውስጥ ኢንፌክሽን የመግባቱ ዕድል ይጨምራል። መቁጠሩ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የማይረሳ ነገር አለ። አረፋ ሁሉ ከሳንባ አይመጣም። የቱቦው መጋጠሚያ ከላላ፣ ወይም በቱቦው ላይ ካሉት ቀዳዳዎች አንዱ ከቆዳ ውጭ ከወጣ ከክፍሉ የገባ አየር ያንኑ አረፋ ይሠራል። ጥሩ ሐኪም ወይም ነርስ ስለ ቫልቭና ስለ ኦፕራሲዮን ከማውራታቸው በፊት ከደረት እስከ ጠርሙስ ድረስ ያለውን መስመር በእጃቸው እየነኩ ይፈትሻሉ። ለጥቂት ሰከንድ ቱቦውን በመቆንጠጫ ይዘው አረፋው ከየት እንደሚመጣም ይለያሉ። ይህ የእነሱ ሥራ ነው። አስታማሚ ቱቦውን ፈጽሞ መቆንጠጥ፣ ማጠፍ ወይም መቋጠር የለበትም። አየሩ መውጫ ካጣ ደረት ውስጥ ይጠራቀምና ልብን እስከ መጫን ይደርሳል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ይችላል። ጠርሙሱንም ከደረት በላይ አታንሡት።

ፍሰቱ እውነተኛ መሆኑ ከታወቀ መጠኑ ይታያል። ሲያስል ብቻ የሚመጣ አረፋ ትንሽ ፍሰት ነው። ሲያስወጣ በየትንፋሹ የሚመጣው ከዚያ ይበልጣል። ሲያስገባም ሲያስወጣም ሳያቋርጥ የሚንተከተክ ከሆነ ትልቅ ነው። አሁን አሁን አረፋ በዓይን ከመቁጠር ይልቅ በደቂቃ ስንት ሚሊ ሊትር አየር እንደሚወጣ በቁጥር የሚያሳዩ ዲጂታል ማሽኖች አሉ። ትናንትና ዛሬን ለማወዳደር በጣም ይመቻሉ፤ ሁለት ሐኪሞች አንድን ጠርሙስ አይተው ሁለት ነገር ከመናገር ይገላግላሉ።

ከመጠን ሌላ ቦታውም ወሳኝ ነው። ቀዳዳው ሳንባው ዳር፣ ከትናንሾቹ የአየር ከረጢቶች አጠገብ ሊሆን ይችላል። ወይም ከትልቁ የአየር ቧንቧ ራሱ ላይ፣ ለምሳሌ በቀዶ ሕክምና ተቆርጦ የተዘጋው ቧንቧ አፉ ሲላቀቅ የሚፈጠር ሊሆን ይችላል። ሁለቱም አየር ያፈስሳሉ፣ ሁለቱም አረፋ ይሠራሉ፣ ሕክምናቸው ግን በጣም ይለያያል። ከዚህ በታች የማወራው በአብዛኛው ስለ ዳሩ ነው። የትልቁን ቧንቧ ወደ መጨረሻ እመለስበታለሁ።

ወደ ካሜራው ከመሄዳችን በፊት ሌሎቹን አማራጮች በአጭሩ። አንዱ መጠበቅ ነው፤ ሲሉት ቀላል ይመስላል፣ ብዙ ጊዜ ግን ይሠራል። ቱቦው ላይ የተገጠመውን የአየር መሳቢያ ማሽን ኃይል መቀነስ ወይም ማጥፋትም አለ፣ ምክንያቱም ከልክ በላይ መሳብ አየሩን በቀዳዳው በኩል ሊጎትት ይችላል። ፍሰቱ ትንሽ ከሆነና ሳንባው ተዘርግቶ ከቆመ ደግሞ በጠርሙሱ ፈንታ ሄይምሊክ የሚባል ትንሽ ባለ አንድ አቅጣጫ ቫልቭ ተገጥሞ ቤት መሄድ ይቻላል። ከታማሚው ክንድ ደም ቀድቶ በዚያው በቱቦው ወደ ደረት ማስገባትም አለ፤ ደሙ ይረጋና ቀዳዳውን ይሸፍናል። ሲሰሙት ግር ይላል፣ ግን የታወቀ ዘዴ ነው። ሁለቱን ሽፋኖች ሆን ብሎ የሚያቆስልና የሚያጣብቅ የታልክ ዱቄት ወይም ሌላ መድኃኒትም ይሰጣል፤ ይህኛው የሚይዘው ሳንባው ግድግዳውን ሲነካ ነው።

ከሁሉም አስተማማኙ ቀዶ ሕክምና ነው። ዛሬ በአብዛኛው በትናንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ ይሠራል። ሐኪሙ የሚያፈስሰውን ቦታ በዓይኑ ያያል፣ ይቆርጣል፣ ይዘጋል፣ ሽፋኖቹን ያጣብቃል። ጤነኛ ወጣት ከሆናችሁና ፍሰቱ አልቆም ካለ፣ በኔ አመለካከት ከዚህ የሚሻል ነገር መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው። ችግሩ ፍሰቱ አልዘጋ የሚላቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ ኦፕራሲዮን የማይችሉት መሆናቸው ነው። ሳንባቸው ያረጀ፣ ልባቸው የደከመ፣ በካንሰር የተጎዱ፣ አንዴ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ገና ያላገገሙ። ሙሉ ሰመመን ሰጥቶ አንዱን ሳንባ ለጊዜው ከመተንፈስ አቁሞ መሥራት ለእነሱ ከበሽታው የባሰ አደጋ ሊሆን ይችላል። የብሮንኮስኮፒ ሕክምና የመጣው ለእነዚህ ሰዎች ነው።

ሐሳቡን በመስኖ ልግለጸው። ቦዩ ታች ተሰብሮ ውሃው ማሳ ቢያጥለቀልቅ ጭቃው ውስጥ ገብቶ ስብራቱን መድፈን አንድ መንገድ ነው። ሌላው ላይ ወጥቶ ወደዚያ ቦይ የሚወስደውን መገንጠያ መዝጋት ነው። ውሃው መምጣቱን ሲያቆም ስብራቱ ይደርቃል፣ ጠርዙም ይጠነክራል። ቫልቩ የሚሠራው ሁለተኛውን ነው። ወደ ተቀደደው የሳንባ ክፍል የሚወስደው ቧንቧ መግቢያው ላይ ይዘጋል፣ ያ ክፍል አየር አይደርሰውም፣ ይሰበሰባል፣ ቀዳዳው ላይ የሚያልፍ አየር አይኖርም። ከዚያ ሰውነት የራሱን ሥራ ይሠራል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ታዲያ የትኛው መገንጠያ ነው የሚለው ነው። የትንፋሽ ቧንቧ ሁለት ይከፈላል። ቀኙ ሳንባ ሎብ የሚባሉ ሦስት ትልልቅ ክፍሎች አሉት፣ ግራው ሁለት። እያንዳንዱ ሎብ እንደገና ወደ ንዑስ ክፍሎች ይከፋፈላል፤ በቀኝ በኩል ብቻ 10 ናቸው። ሲቲ ስካን አንዳንዴ ፍንጭ ይሰጣል፣ ብዙ ጊዜ ግን ቀዳዳውን አያሳይም። በካሜራውም አይታይም፣ ምክንያቱም ካሜራው የሚደርስባቸው ቧንቧዎች ቀዳዳው ካለበት ዳር በጣም የራቁ ናቸው።

ስለዚህ ፍለጋው በፊኛ ነው የሚካሄደው። ታማሚው ሰመመን ይሰጠዋል። ብሮንኮስኮፑ ይገባል፣ በውስጡም ጫፉ ላይ ትንሽ ፊኛ ያለው ቀጭን ሽቦ መሰል ቱቦ ይላካል። ሐኪሙ በመጀመሪያ ፊኛውን ትልቁ ቧንቧ ላይ ነፍቶ ይዘጋዋል። ከዚያ ሁሉም ሰው ጠርሙሱን ያያል። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይጠበቃል፣ ደረት ውስጥ ቀድሞ የተጠራቀመው አየር ወጥቶ ማለቅ አለበትና። አረፋው ከቆመ አየሩ የሚመጣው ከዚያ ወገን ነው። ቀጥሎ ወደ ላይኛው ሎብ፣ ወደ ታችኛው፣ ከዚያም ወደ ንዑስ ክፍሎቹ እየተወረደ አንድ በአንድ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ይታያል። የዚህ ሕክምና ዋናው ጥበብ ይህ ፍለጋ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም። ቫልቩን ማስቀመጥ የደቂቃዎች ሥራ ነው። የተሳሳተ ቦታ ላይ የተቀመጠ ቫልቭ ግን ጤነኛ ክፍል ዘግቶ የታመመውን ክፍት ይተወዋል።

አረፋው በፊኛው ግማሽ ብቻ የሚቀንስበት ጊዜም አለ። ይህ የሚሆነው የሳንባ ክፍሎች እንደ ሥዕሉ ፍጹም የተለያዩ ስላልሆኑ ነው። በአየር ከረጢቶቹና በትናንሾቹ ቧንቧዎች መካከል በዓይን የማይታዩ መተላለፊያዎች አሉ፤ በሎቦቹ መካከል ያለው መለያያም በብዙ ሰው ላይ የተሟላ አይደለም። አንዱን በር ስትዘጋው አየሩ በጎረቤት በኩል ዞሮ ይመጣል። በኤምፊዜማ ሳንባ ደግሞ እነዚህ የጓሮ በሮች ይበዛሉ። ለዚህ ነው አንድ ቫልቭ ሳይበቃ ሦስት አራት የሚቀመጠው።

ቫልቩ ራሱ ምን ይመስላል? በስፋት የሚታወቁት ሁለት ናቸው። ስፓይሬሽን የሚባለው ትንሽ ጃንጥላ ይመስላል፤ ኒቲኖል ከሚባል፣ ተጨፍልቆ ወደ ቅርጹ ከሚመለስ ብረት የተሠራ አጽም አለው፣ በላዩም ስስ ሽፋን። ዜፈር የሚባለው ደግሞ በኒቲኖል መረብ ውስጥ የተያዘ ሲሊኮን ሲሆን መሃሉ እንደ ዳክዬ አፍ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ሁለቱም የሚያህሉት ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። የቧንቧው ስፋት ተለክቶ ልኩ ይመረጣል፣ ቫልቩ ተጣጥፎ በካሜራው በኩል ይላካል፣ ሲለቀቅ ይዘረጋና ግድግዳውን ይይዛል።

ለምን ቫልቭ ሆነ፣ ለምን ዝም ብሎ ቡሽ አይወተፍበትም? ምክንያቱም ሳንባ አክታ ያመርታል። ሙሉ በሙሉ ከደፈኑት ከኋላው አክታ ይጠራቀማል፣ ኢንፌክሽን ይመጣል። ቫልቩ አየር ወደ ውስጥ እንዳይገባ ይከለክላል፣ ከውስጥ የሚመጣውን አየርና አክታ ግን ያሳልፋል። ይህን ስል ውታፍ የለም ማለቴ አይደለም። ዋታናቤ በሚባሉ ጃፓናዊ ሐኪም ስም የሚጠራ የሲሊኮን ውታፍ አለ፣ በጃፓን በሰፊው ይሠራበታል፤ ርካሽና ቀላል ነው። ቫልቭ በማይገኝበት ቦታ ብዙ ሐኪም ይህን ቢያገኝ ደስ ይለዋል።

ውጤቱስ? ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በ2009 የታተመ፣ 40 ሰዎችን የያዘ ዘገባ ነው። ዜፈር ቫልቭ ከተደረገላቸው በኋላ በ19ኙ ፍሰቱ ሙሉ በሙሉ ቆመ፣ በ18ቱ ቀነሰ። ተደምሮ ከ10 ሰው ከ9 በላይ አንድ ዓይነት መሻሻል አየ ማለት ነው። ጥሩ ነው፣ ግን ቁጥሩን በጥንቃቄ አንብቡት። መቆም ሌላ ነው፣ መቀነስ ሌላ። በዚያ ላይ ማወዳደሪያ ቡድን አልነበረውም፤ ከነዚያ ሰዎች አንዳንዶቹ ቫልቭ ባይገባላቸውም ሳምንት ቢጠብቁ ይዘጋላቸው ነበር ወይ የሚለውን ጥያቄ እንዲህ ያለ ዘገባ መመለስ አይችልም። በዚህ ሕክምና ዙሪያ ያለው አብዛኛው መረጃ የዚህ ዓይነት ነው። ለነገሩ እያንዳንዱ ታማሚ ከሌላው ስለሚለይ ዕጣ አውጥቶ ማወዳደር ቀላል አይደለም። ሕክምናው ዋጋ ቢስ ነው አላልኩም፤ «መቶ በመቶ ይድናሉ» ብሎ የሚያባብላችሁ ካለ ግን አትመኑት።

አሜሪካ ውስጥ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣኑ ስፓይሬሽን ቫልቭን ለዚህ ችግር በ2008 ፈቅዷል። ፈቃዱ ጥቂት ሰዎችን ለሚያጠቁ ችግሮች በሚሰጠው ልዩ መንገድ የተሰጠ ሲሆን፣ የተወሰኑ የሳንባ ቀዶ ሕክምናዎች ተከትሎ ለሚመጣ ረጅም ፍሰት ነው። በ2018 ደግሞ ሁለቱም ቫልቮች ለኤምፊዜማ ተፈቀዱ። እዚያ የሚያገለግሉት በጣም የተነፋውን የሳንባ ክፍል ለማስተንፈስ ነው። አስቂኙ ነገር እዚህ ጋ ነው። ለኤምፊዜማ ቫልቭ የገባላቸው ሰዎች ላይ በብዛት የሚታየው ችግር ኒሞቶራክስ ነው። በ2018 በታተመው ዋናው ጥናት ከ4 ሰው ከ1 በላይ ደርሶበታል። አንዱ ክፍል በድንገት ሲሟሽሽ አጠገቡ ያለው ይለጠጥና ሊቀደድ ይችላል። አንዱ ቤት ቀዳዳ ለመዝጋት የሚገባው ዕቃ ሌላው ቤት ቀዳዳ ያመጣል።

ወደ ታማሚያችን እንመለስ። ቫልቩ ገባ፣ ታማሚው ነቃ። አረፋው እዚያው ሊቆም ይችላል፤ ለጥቂት ቀናት እየቀነሰ ሊሄድም ይችላል። ቱቦው ወዲያው አይወጣም። አረፋ እንደሌለ፣ በኤክስሬይም ሳንባው ተዘርግቶ እንደቆመ ይረጋገጣል፤ አንዳንድ ሐኪሞች ቱቦውን ለሰዓታት ቆንጥጠው ዳግም ኤክስሬይ ያነሣሉ። ከዚያ ይነቀላል። ያን ቀን ብዙ ሰው በረጅሙ ይተነፍሳል፣ ቱቦው ጎን ላይ ሲቆይ ትንፋሽን ራሱን ያሳጥራልና።

ቫልቩ ግን እንግዳ ነው፣ ለዚህ ሕክምና ሲገባ ይወጣል ተብሎ ነው የሚገባው። አብዛኛውን ጊዜ ከ6 ሳምንት በኋላ በዚያው በብሮንኮስኮፒ ተይዞ ይወጣል፣ የተዘጋው ክፍልም ቀስ ብሎ ይነፋል። ይህን ቀጠሮ የሚረሳ ሰው አለ። ቱቦው ወጥቷል፣ ሕመም የለም፣ ሥራ ተጀምሯል፤ ማን ያስታውሳል? ለረጅም ጊዜ የቆየ ቫልቭ ዙሪያው ሥጋ ሊያበቅልበት፣ ኢንፌክሽን ሊይዝበት፣ ለማውጣትም ሊያስቸግር ይችላል። ከሆስፒታል ስትወጡ ስንት ቫልቭ እንደገባ፣ የት እንደተቀመጠና መቼ እንደሚወጣ በጽሑፍ ጠይቁ። ሌላ ሆስፒታል ብትሄዱ ወይም ኤምአርአይ ብትታዘዙ ያ ወረቀት ያስፈልጋችኋል።

ጉዳቶቹንም ሳንደብቅ እንናገር። ሳል የተለመደ ነው። ቫልቩ ከቦታው ሊንሸራተት ወይም ተስሎ ሊወጣ ይችላል። ከኋላው የሳንባ ምች ሊነሣ ይችላል። ጥቂት ደም ያለበት አክታ ሊመጣ ይችላል። በተጨማሪም የተዘጋው ክፍል ለጊዜው አይተነፍስም። ያ ክፍል ቀድሞም የማይሠራ ከሆነ ታማሚው ልዩነቱን ላያውቀው ይችላል፤ ደህና ይሠራ ከነበረና ቀሪው ሳንባ ደካማ ከሆነ ግን ኦክስጅኑ ይወርዳል። ሐኪሙ ሙሉ ሎብ ከመዝጋት ይልቅ ንዑስ ክፍል ፍለጋ የሚደክመው ለዚህ ነው። ትንሹን መስዋዕት ነው የሚፈልገው።

ቫልቭ የማይሆንላቸውም አሉ። ከተዘጋው ክፍል በስተጀርባ ንቁ ኢንፌክሽን ካለ በሩን መዝጋት አደገኛ ነው። ፊኛው የትም ቦታ ሲነፋ አረፋው የማይቀንስ ከሆነ ደግሞ ቫልቭ መደርደር ግምት ነው። አሁን ያኔ ያቆየሁትን የትልቁን ቧንቧ ነገር ላምጣው። ቀዳዳው ትልቁ ቧንቧ ላይ ከሆነ ከላዩ የሚዘጋ መገንጠያ የለም፤ በካሜራው ግን ፊት ለፊት ይታያል። ጥቂት ሚሊ ሜትር ከሆነ በሕክምና ሙጫ መድፈን ይሞከራል። ከዚያ ከበለጠ ቀዳዳውን የሚሸፍን ስቴንት የሚባል ቱቦ መሰል መሣሪያ ይገባል፣ ወይም ለልብ ቀዳዳ መዝጊያ የተሠራ ባለ ሁለት ሰሌዳ መሣሪያ ይገጠማል። ትልልቁን ግን በመጨረሻ የሚፈታው በአብዛኛው ቀዶ ሕክምና ነው፤ በካሜራ የሚደረገው ታማሚው ጉልበት እስኪያገኝ ጊዜ መግዣ ነው።

ሐኪም ፊት ስትቀመጡ ብትጠይቁ የምላቸው ጥቂት ናቸው። ፍሰቱ ከዳር ነው ከትልቁ ቧንቧ? ከትናንት ዛሬ ቀንሷል? ኦፕራሲዮን የማይሆነው ለምንድን ነው? ፊኛው ቦታውን ካላገኘ ቀጣዩ እቅድ ምንድን ነው? በተለይ የመጨረሻውን አትዝለሉት። «እናያለን» የሚል መልስም ቢሆን ነገሩን ያስጀምረዋል።

ቤት ከተገባ በኋላ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ማቆም አለበት፤ ይህን ሁሉም ይናገራል፣ እዚህ ግን በቀጥታ ዳግም የመቀደድ ዕድሉን የሚነካ ነገር ስለሆነ ነው የምደግመው። አውሮፕላን ላይ ግፊቱ ስለሚወርድ ደረት ውስጥ የቀረ አየር ይለጠጣል። ስለዚህ ሳንባው መዘርጋቱ በኤክስሬይ ታይቶ ሐኪሙ የሚላችሁ ቀን ሳይደርስ አትብረሩ፤ ከተረጋገጠ በኋላ ቢያንስ ሳምንት መጠበቅ የተለመደ ምክር ነው። የአየር ታንክ ይዞ ባሕር ውስጥ መጥለቅ ግን በግራም በቀኝም ሳንባውን ከደረት ግድግዳ ጋር የሚያጣብቅ ቀዶ ሕክምና ካልተደረገ በቀር ለዘለቄታው የሚከለከል ነው።

ድንገተኛ የደረት ውጋት፣ እየባሰ የሚሄድ ትንፋሽ ማጠር፣ ትኩሳት፣ ብዙ ደም ያለበት አክታ፣ ወይም አንገትና ደረት ላይ ሲነኩት ከቆዳው ሥር ኩሽኩሽ የሚል እብጠት ካያችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ስታስሉ ቫልቩ ቢወጣ ደግሞ አትደንግጡ። በወረቀት ጠቅልላችሁ ያዙትና የዚያኑ ቀን ወደ ሐኪማችሁ ደውሉ፤ የቀሩትን ቆጥሮ፣ ሳንባውንም በኤክስሬይ አይቶ ሌላ ያስፈልግ እንደሆነ እሱ ይወስናል።